«ምርጥ ዋሌት» የሚሉን ዝርዝሮች ምን ይመዝናሉ?

በቴሌግራምም ሆነ በዩቲዩብ «ምርጥ 5 ዋሌቶች» የሚል ዝርዝር ፈልገው አያጡም። በ2016 ዓ.ም. በኖትኮይንና በሃምስተር ኮምባት ስልካቸውን ሲነካኩ የከረሙ ወጣቶች ያገኟትን ጥቂት ሳንቲም ወደ ብር ለመለወጥ ሲነሱ መጀመሪያ የሚያገኙት ይህንኑ ነው። መስፈርቶቹ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፦ ስንት ዓይነት ሳንቲም ይይዛል? ክፍያው ስንት ነው? መታወቂያ ይጠይቃል? ለአጠቃቀም ይቀላል?

እነዚህ መጥፎ ጥያቄዎች አይደሉም። ችግሩ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በነዚህ ምክንያት አለመሆኑ ነው። ምህንድስና ስንማር አንድን ነገር የምንመዝነው ሲሠራ በሚያሳየው ውበት ሳይሆን ሲበላሽ በሚሆነው ነገር ነው። እስቲ ዋሌቶቹንና «ያልተማከሉ» የሚባሉትን መገበያያዎች በዚህ ዓይን እንያቸው።

ለምሳሌ ያህል፣ መንዝ ውስጥ ከጓሳ ብዙም ሳይርቅ መሐል ሜዳ የሚኖር አንድ ወጣት እናስብ። እህቱ ከዱባይ 200 ዩኤስዲቲ ላከችለት እንበል። ዩኤስዲቲ አንዱ አንድ ዶላር እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ወጣቱ የሚፈልገው ብር ነው።

ዋሌት ገንዘብ አይዝም

ስሙ ያሳስታል እንጂ ዋሌት ውስጥ ምንም ሳንቲም የለም። ሳንቲሙ ያለው በብሎክቼይኑ መዝገብ ላይ ነው፤ ዋሌቱ የሚይዘው መዝገቡን ለማዘዝ የሚያስችለውን ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» የሚል መሆን አለበት። ባይናንስ ላይ ያስቀመጡት ገንዘብ ቁልፉ ኩባንያው ዘንድ ነው። እንደ ትረስት ዋሌትና ሜታማስክ ባሉት ግን ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። ኃላፊነቱም እንደዚያው።

ቁልፉ በ12 ቃላት ተጽፎ ይሰጥዎታል፤ ብዙዎች ሲድ ፍሬዝ ይሉታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ስልኩ 128 ቢት በዘፈቀደ ያወጣል፣ 4 ቢት ማረጋገጫ ይጨምርበታል፣ የተገኘውን 132 ቢት አስራ አንድ አስራ አንድ አድርጎ ይከፍልና ከ2,048 ቃላት መዝገብ 12ቱን ይመርጣል። የቃላቱ መዝገብ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ፣ በቼክኛ ሳይቀር አለ። በአማርኛ የለም። እንግዲህ የእኛ ሰው የንብረቱን ብቸኛ ቁልፍ በማያዘወትረው ቋንቋ በእጁ ይገለብጣል ማለት ነው። አንዱን ቃል በመዝገቡ ውስጥ ባለ ሌላ ቃል ቢሳሳት ያቺ የ4 ቢት ማረጋገጫ አብዛኛውን ጊዜ ትይዘዋለች፤ ከ16 አንድ ጊዜ ያህል ግን ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል። «ለአጠቃቀም ይቀላል» የሚለው ዝርዝር ይህችን አያነሳም። መጻፍ ሲያስቸግር ደግሞ ሰዉ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይወጣል፤ ምስጢርነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ተጠቃሚው ባይሳሳትስ? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ስሎፕ የተባለው የሞባይል ዋሌት የተጠቃሚዎቹን ምስጢራዊ ቃላት ብልሽት ወደሚመዘግብ ሰርቨር ሲልክ ተገኘ፤ በዚያን ጊዜ ከ9,000 በላይ የሶላና ዋሌቶች ተዘረፉ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በትረስት ዋሌት የብራውዘር ቅጥያ የተፈጠሩ ቁልፎች መነሻቸው 32 ቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ። 32 ቢት ማለት ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጋ አማራጭ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተር አንድ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። ጉድለቱ በኋላ ታርሟል። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ ከውጭ ሲታይ መተግበሪያው ያማረ ነበር። ምርጫችን መልኩን ሳይሆን ኮዱ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን፣ በገለልተኛ ባለሙያ መመርመሩን፣ ስሕተት ሲገኝም ኩባንያው እንዴት እንደነገረን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለት የተዘለሉ ነገሮች ልጨምር። ዩኤስዲቲ በትሮን መረብ ላይ ከሆነ ለመላኪያ ትሮን የተባለው ሳንቲም ያስፈልጋል፤ ዋሌትዎ ውስጥ 200 ዩኤስዲቲ ተቀምጦ ማንቀሳቀስ ያቅትዎታል። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር የተባለው ኩባንያም የፈለገውን አድራሻ ማገድ ይችላል። «ቁልፉ በእጅዎ ከሆነ ማንም አይነካዎትም» የሚለው አባባል ለቢትኮይን ይሠራ ይሆናል፤ ለዩኤስዲቲ አይሠራም። ኢንተርኔቱም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው፤ በሩ ግን አይከፈትም።

ብር የማይገባበት ገንዳ

ዝርዝሮቹ ቀጥለው «መታወቂያ የማይጠይቁ» እያሉ እንደ ዩኒስዋፕ ያሉ ያልተማከሉ መገበያያዎችን ይጠቁማሉ። የሚሠሩበት መንገድ በእውነት ድንቅ ነው። ሻጭና ገዢ መገናኘት ሳያስፈልጋቸው ሁለት ዓይነት ሳንቲም አንድ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሁለቱ ብዛት ሲባዛ ውጤቱ እንዳይለወጥ ይደረጋል። ገንዳው ውስጥ 1,000 «ሀ» እና 1,000 «ለ» ካለ ብዜቱ 1,000,000 ነው። እርስዎ 200 «ሀ» ሲጨምሩ «ለ» ወደ 833 መውረድ አለበት፤ የሚደርስዎት 167 ያህል ነው እንጂ 200 አይደለም። ገንዳው ባነሰ ቁጥር ኪሳራው ይብሳል።

ታዲያ መሐል ሜዳ ላለው ወጣት ምን ይፈይድለታል? ምንም። ገንዳው የሚያውቀው ብሎክቼይን ላይ ያለን ሳንቲም ብቻ ነው። ቴሌብርም ሆነ የባንክ ደብተር እዚያ የለም። ያልተማከለ መገበያያን ለብር ግብይት አማራጭ አድርጎ ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማምታታት ነው። ወጣቱ ብር ከፈለገ ብር ያለው ሰው መፈለግ አለበት፤ ይኸውም ፒ ቱ ፒ የሚባለው የሰው ለሰው ግብይት ነው።

አንዱ እግር ይመለሳል፣ ሌላው አይመለስም

የዝርዝሮቹ ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰው ለሰው ግብይት ሁለት እግር አለው። ዩኤስዲቲው ከሄደ ሄደ ነው። ብሩ ግን ሊመለስ፣ ሊታገድ፣ ሊጣራ ይችላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደነበር ባንኩ ገልጿል። ባንኩ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ፈልጎ አብዛኛውን አስመለሰ፤ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ ለጥፏል። ብር ማስታወሻ አለው ማለት ነው።

አጭበርባሪ የሚኖረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ወጣታችን ዩኤስዲቲውን የሸጠለት ሰው ብሩን ከተሰረቀ የሌላ ሰው ሒሳብ ልኮለት እንደሆነስ? ባለቤቱ ሲያመለክት የወጣቱ ሒሳብ ይታገዳል፤ ዩኤስዲቲው ግን በሌላ ሰው እጅ ገብቷል። በሁለቱም እግር ተመታ። ከዚህ ቀላሉ ደግሞ የሐሰት የጽሑፍ መልእክት ነው፦ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ሒሳቡ ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ መታየት ያለበት መልእክቱ ሳይሆን ራሱ ሒሳቡ ነው፤ የላኪው ስምም ከተዋዋሉት ሰው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። የትኛውም ዋሌት፣ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ ይህን አያይልዎትም። ብሎክቼይን ብሩ መድረሱን የሚያውቅበት ዓይን የለውም።

ማዕከል አለመኖርና ዳኛ አለመኖር

ዓይን ከሌለው ሰው መመስከር አለበት። ጥያቄው ማን ይመስክር፣ ማን ይፍረድ ነው። ባይናንስ የሻጩን ዩኤስዲቲ በአደራ ይይዛል፤ ክርክር ሲነሳ የሚፈርዱት ሠራተኞቹ ናቸው። ጊዜው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ የተወሰነ ነው፤ ኔትወርክ ከተቋረጠብዎት ደቂቃው አይጠብቅዎትም። ቢስክ የተባለው ሥርዓት ሌላ መንገድ መርጧል። ገዢም ሻጭም መያዣ ያስይዛሉ፤ ገንዘቡ የሁለቱም ፊርማ ካልተገኘ አይነቃነቅም፤ ባይስማሙ ሸምጋይ ይገባል። የሚያጭበረብረው የራሱን መያዣ ስለሚያጣ ማጭበርበር አያዋጣም። በንድፍ ደረጃ ከሁሉም የማከብረው ይህንን ነው። ነገር ግን የሚያገበያየው በዋናነት ቢትኮይን ነው፤ የተሠራውም ለኮምፒውተር ነው። ስልክ ብቻ ላለው ሰው ሩቅ ነው። እዚያም ቢሆን «ብሩ ደርሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው።

ይህን ለመረዳት መንዜ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ ሀብት ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። ቦታው ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋና በተወሰነው ጊዜ ይከፈታል። በዛሬ ቋንቋ «ያልተማከለ» ነበር። ዳኛ ግን ነበረው፦ ተጠቃሚው የመረጣቸው አለቆች፣ የታወቀ ደንብ፣ ለጣሰ ሰው ቅጣት። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ቦታው ለማንም ክፍት ሆነና ተጎዳ፤ ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ማስከበር ነበረበት። የክሪፕቶ ሰባኪዎች «ሦስተኛ ወገን የለም» ሲሉ እንደ ድል ነው። ጓሳ የሚያሳየን ሦስተኛው ወገን ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጎጂ አቅመ ደካማው መሆኑን ነው።

የእኛ አገር ወጣት ደግሞ ውጭም ዳኛ የለውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡ ከዚህ እንዲቆጠብ አሳስቧል። ተጭበረበርኩ ብሎ ለመክሰስ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያስረዳው የራሱን ጉዳይ ነው።

ታዲያ የቱን?

ከዋሌቶች ውስጥ ኮዱ ክፍት የሆነውንና የተመረመረውን ይምረጡ፤ ቃላቱን በወረቀት ይጻፉ፤ ትንሽ ገንዘብ ብቻ እያለው አጥፍተው እንደገና በቃላቱ ይክፈቱት። ያልተማከለውን መገበያያ ለብር አይፈልጉት። ለሰው ለሰው ግብይት ግን ከመተግበሪያው ስም በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ብሩ ባይደርሰኝ ወይም ደርሶ ቢታገድብኝ ማን ይፈርድልኛል?

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። እህትየው በባንክ ብትልክ ስንት ብር ይገባል? በዩኤስዲቲ ቢሆንስ? ልዩነቱን በወረቀት ላይ ያስሉት። ያ ልዩነት ትርፍ አይደለም፤ ያለ ዳኛ ለሚሸከሙት አደጋ የሚከፈልዎት ዋጋ ነው። በቂ መሆኑን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ዝርዝር አውጪው ግን ቢያንስ ዋጋውን ሊነግርዎት ይገባ ነበር።