ልድያ የወደቀችው መቼ ነው? በአንዲት የተሰበረች ምልክት ላይ የቆመ ቁጥር

የልድያውን ንጉሥ የክሮይሶስን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ከተማው ሰርዴስ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በምንለው አገር ነበረች። ሄሮዶቱስ እንደሚያወራው፣ ፋርስን ልውጋ ወይ ብሎ ዴልፊ አስጠየቀ። ብትዘምት ታላቅ መንግሥት ታጠፋለህ ተባለ። ደስ ብሎት የሐሊስን ወንዝ ተሻገረ፤ የጠፋው የራሱ መንግሥት ሆነ።

አሪፍ ታሪክ ነው፣ አይደል? ችግሩ ትንሽ ከመጠን በላይ አሪፍ መሆኑ ነው። ቂሮስ የጭነት ግመሎቹን ፊት ሲያሰልፍ የልድያ ፈረሶች በሽታቸው ደንብረው ይዞራሉ። አንድ የሰርዴስ ወታደር የወደቀበትን የራስ ቁር ሊያነሳ በገደሉ ሲወርድ ከጠላት ወገን አንዱ ያየውና መንገዱን ይማራል፤ ከተማዋም በ14ኛው ቀን ትያዛለች። ይህ የተጻፈው ግን ነገሩ ከሆነ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እሺ፣ ታሪኩን እንተወው። ብዙ መጻሕፍት «ከክርስቶስ ልደት በፊት በ547» ይላሉ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከሄሮዶቱስ አይደለም። የመጣው ብሪቲሽ ሙዚየም ካለ የባቢሎን የሸክላ ጽላት፣ የናቦኒደስ ዜና መዋዕል ከሚባለው ነው። በንጉሡ በናቦኒደስ 9ኛ ዓመት ሥር ቂሮስ ጦሩን ሰብስቦ፣ ከአርቤላ (ከዛሬዋ ኤርቢል) በታች ጤግሮስን ተሻግሮ ወደ አንድ አገር እንደዘመተ ይናገራል። ንጉሡን ድል መታ፣ ወይም ገደለ፤ ግሱ ለሁለቱም ይሆናል። (ሄሮዶቱስ ጋ ክሮይሶስ አይሞትም፤ የቂሮስ አማካሪ ነው የሚሆነው!)

የትኛው አገር? ልክ እዚያ ላይ ሸክላው ተጎድቷል። ከስሙ የተረፈችው የመጀመሪያዋ ምልክት ናት፣ እሷም ሙሉ አይደለችም። ለረጅም ጊዜ «ሉ» ተብላ ተነበበች፤ ልድያ ማለት ነው። እንደ ሮበርት ሮሊንገር ያሉ ምሁራን ግን «ኡ» ናት፣ አገሩም ኡራርቱ ነው ይላሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ አራራት የሚለው ምድር። የማይስማሙም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ምልክቷን «ሉ» ያሰኛት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ታሪኩን አስቀድመን ማወቃችን ነው። ከዚያ ዞረን ታሪኩን በእሷ ዓመት ቆጠርነው። ክብ ውስጥ መሮጥ በሉት።

ልድያ በቂሮስ እጅ መውደቋን ማንም አይጠራጠርም። ሰርዴስ ውስጥ ውፍረቱ 20 ሜትር የሚደርስ የከተማ ቅጥር ፈርሶ፣ ቤቶች ተቃጥለው፣ ከፍርስራሹ መሐል የአንድ ወጣት ወታደር አጽም ተቆፍሮ ወጥቷል። የሸክላ ዕቃዎቹ ዘመኑን በስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ያደርጉታል። ከዚህ ጠበብ አድርገው ግን አይነግሩንም።

ሄሮዶቱስን አልወቅስም፤ እሱ 547 አላለም። የምወቅሰው ቁጥሩን ሲያትሙ «ገደማ» የምትለዋን አንዲት ቃል የሚጥሉትን ነው።