የዮሴፍ ሱዴክ ብርጭቆ

ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ ነፍስ የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የቅዱሳንን ሥዕል በትልልቅ ዓይኖቹ ለለመደ ተመልካች ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። የፕራጉን ዮሴፍ ሱዴክን ሥራ ረጋ ብሎ ያየ ግን እንዲህ ብሎ ለመፍረድ ይቸገራል።

ሱዴክ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ግንባር ቆስሎ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። ጀርመኖች ከተማይቱን ይዘው ሳሉ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1940፥ የሥራ ቤቱን መስኮት ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፤ እስከ 1954ም ድረስ አልተወውም። በዚያው ቤት ውኃ ያለበት ብርጭቆ፥ እንቍላልና ቍራሽ ዳቦ እያስቀመጠ አነሣ። ብርጭቆው አንድ ሰው ጠጥቶለት የተነሣ ይመስላል፤ ያ ሰው አይታይም፥ መቅረቱ ግን ይታወቃል። የሥራው ኀዘን ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ከጨለማው ብዛት አይደለም።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 ያነሣው የፈረንጅ ቃሪያ ከዚህ ይልቅ ዝነኛ ነው፤ በእውነትም ዓይንን ያስደንቃል። ነገር ግን ቃሪያው የሰው ገላ ለመምሰል ይታገላልና ተመልካቹ እርሱን ረስቶ የአንሺውን ብልኀት ሲያደንቅ ይቀራል። ሱዴክ ብርጭቆውን ሌላ ነገር እንዲመስል አላስገደደውም።

ደግሞም ከ1940 ወዲህ ፎቶግራፎቹን ማጉላት ትቶ በኔጋቲቩ ልክ ያትማቸው ስለ ነበር ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። ከሩቅ ሆኖ የሚያልፍ ሰው ግራጫ ወረቀት ብቻ ያያል፤ በመስኮቱ ላይ የወረደውን የውኃ ነጠብጣብ ለማየት ቀርቦ ማጐንበስ ግድ ነው።