ርችቱ እስኪከስም

ርችት ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በስስት ነው። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አስሮ መዝጊያውን ከፍቶ ቢተወው፣ አምስት ስድስት ርችት አንድ ፎቶ ላይ ይደራረብለታል። ያምራል፤ ሰውም ይወደዋል። እኔ ግን ትቼዋለሁ፤ የሠሪውን ድካም ያጠፋዋልና።

የጃፓን ርችት ሠሪ የሚደክመው ለቅደም ተከተል ነው። ክቡ የወረቀት ኳስ ውስጥ የሚደረደሩትን እንክብሎች ኮከብ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ኮከብ ከትንሽ ፍሬ ይነሳል። ሠሪው ስስ የቅመም ሽፋን ያለብሰዋል፤ ያደርቀዋል፤ ደግሞ ያለብሰዋል። ቀዩን ስትሮንቲየም፣ አረንጓዴውን ባሪየም፣ ሰማያዊውን መዳብ ይሰጣል። የላይኛው ሽፋን ቀድሞ ስለሚነድ ቀለሙ ሰማይ ላይ እንዳለ ይለወጣል። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ግን አንዱ ኮከብ ቀይ ሲሆን ጎረቤቱ ገና አረንጓዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በተጀመረው የኦማጋሪ የርችት ውድድርም ኮከቦቹ እኩል መጥፋታቸው ትልቅ ቦታ አለው።

አንዱን ርችት ብቻውን ሲያነሱት ይህ ሁሉ ይነበባል። እያንዳንዱ መስመር ከመሃል ወደ ዳር ሲሄድ ቀለሙን ይቀይራል፤ መሃሉ መጀመሪያ፣ ዳሩ መጨረሻ ነው። ሌላ ርችት ከላይ ከተጫነበት ግን ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ አይሶውን 100፣ አፐርቸሩን 11 ላይ አድርጌ፣ ሪሞቱን ይዤ ሰማዩን አያለሁ እንጂ ስክሪኑን አላይም። ኳሱ መውጣት ሲጀምር እከፍታለሁ፤ የመጨረሻው ኮከብ ሲጠፋ እዘጋለሁ። ነፋሱ ጭሱን ከእኔ የሚያርቅበትን ዳርቻም ቀድሜ እመርጣለሁ።

ለዚህ ሥራ ከናጋኦካ የሚበልጥብኝ ከተማ የለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1945 ከምሽቱ 4:30 ላይ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ከተማዋን ማቃጠል ጀመሩ፤ ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ። ዛሬ በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ነጭ ርችት ብቻ ይተኮሳል። ርችቱ የሚመስለው አደይ መሳዩ ነጭ ክሪሳንተመም በጃፓን የሐዘን አበባ ነው። ርችቱን የሠራው ሴይጂ ካሴ ከጦርነቱ በኋላ ሳይቤሪያ ታስሮ የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ካባሮቭስክ ሄዶ እዚያ ለቀሩ ጓደኞቹ ተኩሶታል። በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን በሺናኖ ወንዝ ላይ የሚታየው ታላቅ ትርኢት የሚደምቀው ሐዘኑ ቀድሞ ቦታውን ስለያዘ ይመስለኛል።

ነጩ ብርሃኑ ያይላል፤ አፐርቸሩን ወደ 16 አጠበዋለሁ። ሰፊ ሌንስ እገጥምና የቤቶቹን ጣሪያ ከታች አስገባለሁ። ርችቱ የተተኮሰው ለእነሱ ነውና ከፎቶው ሊቀሩ አይገባም።