ከሴራሚኩ ጀርባ

ከቦሌ ተነሥታችሁ በገርጂ አድርጋችሁ እስከ ሰሚትና አያት ብትዘልቁ፣ ቤት የሚሞገሰው በሚታየው ነው። እንግዳ ሲገባ ሴራሚኩን ያደንቃል፣ የጂፕሰም ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል፣ “ስንት ፈጀባችሁ?” ይላል። “ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንዴት ነው?” ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቢጠይቅም ነገረኛ ነው የምንለው!

እኔንም ያስጠየቀኝ የቦይለር ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ማለት ውሃው የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ መብራቱን የሚቆርጥ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚመልስ ትንሽ ዕቃ ነው። ሲበላሽ መቀየሩ ብዙም አያስቸግርም። ብሬከሩን ታጠፋለህ፣ መብራት አለመኖሩን በመለኪያ ታረጋግጣለህ፣ ክዳኑን ፈትተህ አሮጌውን በዚያው ዓይነት ትተካለህ። ችግሩ ከግድግዳው የወጡት ሦስት ሽቦዎች ናቸው። ሦስቱም ቀይ!

የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ባሳየው፣ “ጋሼ፣ ያን ቀን የተረፋቸው ቀይ ይሆናላ!” አለኝ። አንድ በአንድ ስንከታተል፣ የመሬት ሽቦ መሆን የነበረበት የትም አይደርስም። ግድግዳው ውስጥ በናስትሮ ተጠቅልሎ ቀርቷል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንደምለው፣ ጽሑፍ የሚጻፈው ጸሐፊው አጠገቡ ለማይገኝ ሰው ነው። የሽቦ ቀለምም እንደዚያው ነው። ቡናማው መብራት የሚመጣበት፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት። እንግሊዞች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀይና ጥቁሩን ትተው ወደ ቡናማና ሰማያዊ ሲሻገሩ፣ አሮጌውና አዲሱ ቀለም በተገናኙበት ቤት ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ደነገጉ። ነገ ለሚመጣ ለማያውቁት ሠራተኛ ተጨነቁ ማለት ነው።

ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ሽቦዎቹ ከተቀያየሩ ማሞቂያው ጠፍቶም ውስጡ መብራት አለ። መብራቱ ወደ ብረቱ ቢያመልጥና የመሬት ሽቦ ከሌለ፣ ብሬከሩ አይወርድም። መጀመሪያ የሚያውቀው እርጥብ እጁን የዘረጋ ሰው ነው፤ ምናልባትም ሕፃን። ለስሙ የተዘረጋ የመሬት ሽቦ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው።

“ደንብ ስለሌለን ነው” እንዳትሉኝ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ቁጥር 10 የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። የጠፋው ልስኑ ሳይለሰን ገባ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ሠራተኛውን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው። ለሴራሚክ ምርጫ ሳምንት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ የምንዞር ሰዎች፣ ሽቦው ላይ ስንደርስ “ርካሹን አድርግልን” እንላለን። እሱም የታዘዘውን ያደርጋል።

ለሠርጉም ለክርስትናውም ፎቶ የምናነሣ ሰዎች፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሽቦውንም አንድ ጊዜ ብናነሣው ምን ይጎድልብናል? ቤቱን ስንሸጥ ፎቶውን ከካርታው ጋር እናስረክብ። ገዢው ሴራሚኩን በዓይኑ ያየዋል፤ ሽቦውን ግን እኛ ካልነገርነው ማን ይነግረዋል?