«በቀን የሚሮጥ መብራት»፦ ስለ አንድ ትርጉም የቀረበ ሒስ

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ጋራዥ የፒክአፕ መኪና የጥገና መመሪያ የአማርኛ ትርጉም ለመመልከት ችዬ ነበር። ተርጓሚው በቀን የሚበራውን የፊት መብራት «በቀን የሚሮጥ መብራት» ብሎታል። የሚሮጠው ግን መኪናው እንጂ መብራቱ አይደለም። አገልግሎቱም ነጂው መንገድ እንዲያይ ሳይሆን መኪናው ለሌሎች እንዲታይ ነው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 በቀን ማብራትን ግዴታ ያደረገችው ለዚሁ ነው። ስለዚህ «የቀን መታያ መብራት» ቢባል ይገባል። «ማያ» ቢባል ፍቹ ይገለበጣል።

ከዚህ የባሰው «መብራቱ ቀለሙን ከለወጠ ይቀየር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ በአብዛኛው ሰማያዊ ብርሃን አመንጪና ቢጫ ፎስፈር ተጣምረው የሚሠሩት ነው፤ ሙቀት ሲጐዳው የብርሃኑ ቀለም ይለወጣል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ደግሞ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ይሆናል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ሽፋኑ ቢጫ ሆኖ ከታየ ብዙ ጊዜ ፖሊሽ ይበቃዋል። ትርጉሙ ሁለቱን ስለ ደባለቀ ባለመኪናውን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል።

አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም፤ ሽፋኑ «ወየበ»፣ የብርሃኑ ኀይል ሲቀንስ «ደበዘዘ»፣ ቀለሙ ሲለይ «ተለወጠ»፣ ጨርሶ ሲጠፋ «ተቃጠለ» ይባላል። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በተገኘው «ፍሬቻ» ሳይሳሳቱ ይግባባሉ። እንግዲህ ጉድለቱ ከቃሉ ባዕድነት ሳይሆን ከፍቹ አለመለየት ነው። ተርጓሚ ከመዝገበ ቃላት አስቀድሞ ጠጋኙን ይጠይቅ።