ለዓይን ደማቅ፣ ለቅጠል ደብዛዛ፦ የአንድ የችግኝ መብራት ሂስ

ባለፈው ክረምት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዬ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ቢሮዬ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ራሱ የሠራው የችግኝ መብራት ነበር። ከምናለሽ ተራ የገዛው የአሮጌ ኮምፒውተር ሂትሲንክ አለ፣ መሐሉ ላይ በብሎን የታሰረ አራት ማዕዘን የኤልኢዲ ቺፕ አለ፣ ከዚያ ሁለት ሽቦና አንድ ስፒና። በቃ።

«ቲቸር፣ መብራቱ እንደ ፀሐይ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ቲማቲሞቼ ግን እንደ ክር ቀጠኑ» አለኝ።

የዛሬው ጽሑፍ የዚያ መብራት ሂስ ነው። የልጁ ሂስ ግን አይደለም። ገንዘብ ቆጥቦ፣ ከተጣለ ዕቃ ፈልጎ፣ በእጁ ሠርቶ ማምጣቱ በራሱ ያስመሰግነዋል። ጥፋቱ ያለው በተከተለው ቀመር ላይ ነው። ቀመሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ «ትልቅ ዋት ግዙ፣ ቀለሙ ሐምራዊ ይሁን፣ ሰኩት!» ሦስቱንም ተራ በተራ እንያቸው።

«ትልቅ ዋት ግዙ»

ቺፑ ላይ 50 ዋት ይላል። በመለኪያ ስንሰካው የሚስበው 34 ዋት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ግን ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ነው፤ የሚሰጠውን አይነግረንም።

«እሺ፣ ሉመንስ?» ትሉ ይሆናል። ሉመን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን በጠንካራ ብርሃን ላይ ሲሆን ከሁሉ በላይ የሚነቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ነው፤ ለጥልቅ ቀይና ለሰማያዊ ደካማ ነው። ቅጠል ግን ሌላ ሒሳብ ነው የሚሠራው፤ ፎቶን ይቆጥራል። በ400 እና በ700 ናኖሜትር መካከል ያሉ የብርሃን ቅንጣቶች በየሰከንዱ ስንቱ አረፉብኝ ነው ጥያቄው። ስለዚህ የዕፅዋት ብርሃን የሚለካው በማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ 2000 ማይክሮሞል ትሰጣለች።

ዓይናችን ደግሞ አታላይ ነው። ብሌናችን ይጠባል፣ ይሰፋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ አሥር እጥፍ ቢቀንስም ልዩነቱ ያን ያህል አይታወቀንም። ተማሪዬ «እንደ ፀሐይ» ያለው መብራት ከችግኞቹ በ60 ሴንቲሜትር ከፍታ ተሰቅሎ ሲለካ ከፀሐይዋ ጋር ለንጽጽር እንኳ የሚቀርብ አልነበረም። ችግኞቹ የረዘሙት አድገው ሳይሆን ብርሃን ፍለጋ ነው። ይህን ለማስተካከል ትልቅ ዋት አያስፈልግም። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሱት ከመብራቱ ሥር ያለው ብርሃን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ይህ እርማት በነፃ ነው!

«ቀለሙ ሐምራዊ ይሁን»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። ለምን ሐምራዊ እንደመረጠ ስጠይቀው፣ «እርስዎ አይደሉ እንዴ ቅጠል አረንጓዴውን ብርሃን አይፈልገውም፣ ያንጸባርቀዋል ያሉን?» አለኝ። ብያለሁ። ብዙ መጻሕፍትም እንዲሁ ይላሉ፤ ግን እውነቱ ግማሽ ነው።

ክሎሮፊልን ከቅጠል አውጥታችሁ በብልቃጥ ውስጥ ብትለኩት በእርግጥ ሰማያዊና ቀይ ይወዳል፣ አረንጓዴውን በአብዛኛው ያሳልፋል። ቅጠል ግን ብልቃጥ አይደለም። ብርሃኑ በሕዋሳቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ይላጋል፤ አረንጓዴው መጀመሪያ ቢያመልጥም ቀጥሎ ይያዛል። በ1972 ኪት ማክሪ የተባለ ተመራማሪ የ22 ሰብሎችን ቅጠል በየቀለሙ እያበራ ለካ። አረንጓዴውም ፎቶሲንተሲስን፣ ማለትም ተክሉ ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበትን ሥራ፣ ደህና አድርጎ እንደሚያስኬድ አሳየ። በ2009 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በሱፍ አበባ ቅጠል ላይ ሌላ ነገር አዩ፦ ነጩ ብርሃን ጠንካራ ሲሆን፣ ተጨማሪ አረንጓዴ ከተጨማሪ ቀይ የበለጠ ይጠቅማል። ምክንያቱ አረንጓዴው የላይኛው ክፍል ሲጠግብ ወደ ታችኛው ዘልቆ መግባቱ ነው።

ሐምራዊ መብራት ተክል አያሳድግም ማለቴ አይደለም፤ ያሳድጋል። ቀይ ፎቶን አነስተኛ ጉልበት ስለሚይዝ በአንድ ጁል ኃይል ከሰማያዊው የበለጠ ፎቶን ይገኛል፤ ስለዚህ በነጩ ላይ ጥቂት ቀይ መጨመር ትክክለኛ ምሕንድስና ነው። ግን ለጀማሪ ሐምራዊ መጥፎ ምርጫ ነው። በሐምራዊ ብርሃን ሥር ቅጠሉ ሁሉ ጥቁር ይመስላል፤ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ በሽታ ሲይዘው አታዩትም። ተማሪዬም የቲማቲሞቹን መገርጣት ያየው ከቤት ሲያወጣቸው ነው።

«ሰኩት!»

ከሁሉ የከፋው ይህኛው ነው። ቺፑ ድራይቨር የሌለውና 220 ቮልቱ በቀጥታ የሚገባበት ዓይነት ነው። ሂትሲንኩ ላይ ቴስተር ሳስነካ በራ! ያ ብቻውን ብረቱ ገዳይ ነው ለማለት አይበቃም፤ ግን በቺፑና በእጃችን መካከል ያለው ቀጭን መለያ ብቻ መሆኑን ይነግረናል። ሂትሲንኩ የመሬት ሽቦ አልነበረውም። መለያው አንድ ቀን ቢሰነጠቅስ? ልጁ ችግኝ የሚያጠጣው በርጥብ እጁ ነው። ይህን ሳስብ ወገቤን ቀዘቀዘኝ። መብራቱን ነቅዬ ስፒናውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ኤልኢዲ «ቀዝቃዛ መብራት» ነው ይባላል፤ ግን ከሚበላው ኃይል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ሆኖ ከጀርባው ይወጣል። በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል ፔስት አልተቀባም ነበር። ሁለት ብረቶች ቢለሰልሱም በመካከላቸው ጥቃቅን የአየር ክፍተት አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከአልሙኒየም በሺዎች እጥፍ ያንሳል። ቀጭን ፔስት ያንን ክፍተት ይሞላል።

ድራይቨርስ ለምን? ኤልኢዲ እንደ ድሮ አምፖል አይደለም። ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ሲል ከረንቱ ብዙ ይዘላል። ሲሞቅ ደግሞ የሚፈልገው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ቮልቴጁ ቋሚ ከሆነ፦ ይሞቃል፣ ከረንት ይጨምራል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ከረንቱን ቋሚ የሚያደርግ ድራይቨር ይህን አዙሪት ይሰብረዋል። ውጤቱ ከ220 ቮልቱ በትራንስፎርመር የተለየ መሆኑንም ስትገዙ ጠይቁ።

እንደገና ስንሠራው

ሂትሲንኩን አልጣልነውም። 36 ቮልት ገደማ የሚሠራ ነጭ ቺፕ፣ 0.9 አምፕ የሚሰጥ ድራይቨር፣ ፔስትና የመሬት ሽቦ ጨመርን። የ220 ቮልቱን በኩል የገጠመልን የመምሪያችን ቴክኒሻን ነው፤ እናንተም ይህን ክፍል ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 36 በ0.9 ሲባዛ 32 ዋት ገደማ ነው። ደህና ነጭ ቺፕ በአንድ ጁል 2 ማይክሮሞል ያህል ቢሰጥ፣ በሰከንድ 64 ማይክሮሞል ይሆናል። ሲሶው ወደ ጎን ይባክን ብንል 43 ይቀራል። ይህ 50 በ50 ሴንቲሜትር በሆነ መደርደሪያ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር 170 ገደማ ነው። በቀን 16 ሰዓት ስናበራው ለችግኝ የሚበቃ ብርሃን ነው። ፍጆታው ከድራይቨሩ ብክነት ጋር በወር ወደ 17 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

ልብ በሉ፣ የድሮው 34 ዋት ይበላ ነበር፤ አዲሱም ከዚያ ብዙም አይርቅም። የተለወጠው ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድና የሠሪው ደህንነት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ ራሱ ተማሪዬ ነው ያነሳው። «ቲቸር፣ በረንዳ ላይ ባወጣቸውስ?» ትክክል ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ቀን ባለበት አገር፣ ጥላ ያለበት በረንዳ እንኳ ብዙ ጊዜ ከመብራታችን አያንስም። መብራቱ የሚያስፈልገው በረንዳ ለሌለው፣ መስኮቱ በጎረቤት ግንብ ለተጋረደበት፣ ወይም በየቀኑ እኩል ብርሃን ለሚፈልግ ሙከራ ነው። የእሱ ክፍል አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ስላላት መብራቱን ይዞ ሄደ።

ከአሥራ ሁለቱ ቲማቲሞች የተረፉት አምስት ናቸው። እኔም «ቅጠል አረንጓዴውን አይፈልገውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከማስተማሪያ ማስታወሻዬ ላይ ሰርዣታለሁ።