በመምህሩ ስልክ ውስጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት፦ ስለ ኪዊክስ መተግበሪያ የቀረበ ሂስ

የኢንተርኔት መስመር ባልደረሰበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ዊኪፔዲያን የመሰለ መዝገበ ዕውቀት ለክፍሉ ሊያቀርብ ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተሰኘ ነጻ መተግበሪያ ነው። እዚህ የሚመረመረው መተግበሪያው ለባለ ስልኩ የሚሰጠው ንባብ አይደለም፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ሌላው ችሎታው፣ ይኸውም በውስጡ አነስተኛ የድረ ገጽ ሰርቨር ማንቀሳቀሱ ነው።

መምህሩ ኢንተርኔት ካለበት ስፍራ ዚም በሚባል የታመቀ መልክ የተዘጋጁትን መጻሕፍት አስቀድሞ በስልኩ ያወርዳል። ክፍል ሲገባ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ፣ የሚያካፍላቸውን መጻሕፍት መርጦ ሰርቨሩን ያስነሣል። ወዲያው በቁጥር የተጻፈ አድራሻ ይታያል። በአድራሻው መጨረሻ የሚገኘው የፖርት ቁጥር የተለመደው 80 አይደለም፤ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ስልኩ ለተራ መተግበሪያ አይፈቅድምና። ተማሪው አድራሻውን በስልኩ ብራውዘር ላይ ሲጽፍ፣ አንዳች ነገር መጫን ሳያስፈልገው ማንበብ ይጀምራል። ገጹ የሚመጣው ከመምህሩ ስልክ ስለሆነ የዳታ ክፍያ አይጠየቅበትም።

የዚህን ጥቅም ለመመዘን ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተሠራበትን የፕላዝማ ትምህርት ማስታወስ ይበቃል። ትምህርቱ ከሳተላይት እየወረደ በራሱ ፍጥነት ይነጉድ ነበር፤ መምህሩ «እዚህ ላይ ይቁምልኝ» ለማለት ሥልጣን አልነበረውም፤ ያልገባው ተማሪም ያልገባውን ይዞ ይቀር ነበር። ሰርቨሩ በስልኩ ያለ መምህር ግን የሚነበበውን መጽሐፍ ይመርጣል፣ ሲፈልግ ይዘጋል፣ ነገ ደግሞ ያንኑ ገጽ መልሶ ይከፍታል። የክፍሉ አመራር ወደ መምህሩ መመለሱ የዚህ ሥራ ዋነኛ ምስጋና ነው።

ሆኖም ይህ ሰርቨር ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው ወይም መልመጃ ቢሠራ የሚያስገባበት በር የለም፤ ማን ምን እንዳነበበም መምህሩ አያውቅም። ከተመሳሳይ ዓላማ የተነሣው ኮሊብሪ የተማሪውን የመልመጃ ውጤት መዝግቦ ለመምህሩ ስለሚያሳይ በዚህ ረገድ ብልጫ አለው። ኪዊክስን ቤተ መጻሕፍት እንጂ ክፍል ብሎ መጥራት አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር የስልኩ የራሱ ነው። ስልክ በተፈጥሮው አገልጋይ እንዲሆን አልተሠራም። አንድሮይድ ከስምንተኛው ዕትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ፣ ከማያው ጀርባ የሚሠሩትን መተግበሪያዎች ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ያስቆማል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ በሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ዘወትር ካላሳየ ዕድሜው አጭር ነው። ሆትስፖቱም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዳቸው ስልኮች ጥቂት ናቸው። ስድሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ማን ያነባል፣ ማንስ በጓደኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይመለከታል? ስልክ የሌለው ልጅ ነገር ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ከዚህም በላይ ባትሪው፣ ስልኩና ድካሙ የመምህሩ የግል ሀብት መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የይዘቱ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቂት መስመሮች ናቸው። በአማርኛ የሚማር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አፈር መከላት ለማንበብ ቢፈልግ፣ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን የሚያቀርብለት ሲሳይ ስስ ነው። እንግሊዝኛው ሙሉው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ አብዛኛው የመምህራን ስልክ አይሸከመውም፤ ቢሸከመውም ቋንቋው ለዚያ ልጅ አይሆንም።

ጉድለቱን መምህሩ ራሱ ሊሞላ በቻለ ነበር። በሠፈሩ ጎርፍ ስለሸረሸረው ማሳ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ከዊኪፔዲያው ጎን በዚያው አድራሻ ቢያወጣ ተማሪዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚከፍቱት እሱን ይሆን ነበር። መተግበሪያው ግን ይህን አያስችለውም። ማስታወሻውን ወደ ዚም ፋይል ለመለወጥ ኮምፒዩተር፣ ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያና አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰርቨሩ በመምህሩ እጅ ሆኖ ሳለ የመምህሩ ጽሑፍ ከደጅ ይቀራል።